የሐጂ አደምን መኪና መሪ ለመሥራት ወደ አሰበ ተፈሪ

ጉዞውን ከመተረኬ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ፤ አለዚያ አንባቢ «ይህን ሁሉ የሚያወራው ማን ነው?» ይላል። ስሜ ደምሴ ነው። ጉለሌ መጥቶ «መካኒክ ደምሴ የት ነው?» ብሎ የጠየቀን ሰው ሕፃን እንኳ እጁን ይዞ ደጄ ያደርሰዋል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ በር ጽሑፍና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። መካኒክነትንም ያስተማረኝ የለም። በጣሊያን ጊዜ የምላላክበት ጋራዥ አለቃ፣ ጣሊያኑ፣ ሞተር ሊከፍት ሲል «ውጣ!» ይለኝ ነበር። እኔም እወጣና በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ። በአንድ ዓይኔ በቀዳዳ ያየሁት ሌሎቹ እዚያው አጠገቡ ቆመው ካዩት በልጦ ተገኘ። ዛሬ ስልሳን ተሻግሬ እንኳ መኪና ደጄ ሳይደርስ ድምፁን ሰምቼ ምን እንደጎደለው እናገራለሁ። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ። ልጅ አልወለድንም። ሁለት ክፍል ቤት አለችኝ፤ በአንዷ እተኛለሁ፣ ሌላዋ ዕቃ ተቀምጦባታል። ይህን የጻፍኩት ከሰበታ ወዲያ አገር ያለ ለማይመስላቸው ጎረቤቶቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰበ ተፈሪ ሐጂ አደም የሚባሉ ነጋዴ አሉ። እንግሊዞች ጥለዋቸው ከሄዱት መኪናዎች አንዱን፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን የጭነት መኪና፣ ገዝተው ስንት ዓመት ሠርተውበታል። ባለፈው መስከረም መኪናው ከሂርና ሲመለስ ቁልቁለት ላይ መንገዱን ስቶ ገደል አፋፍ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ከላይ የነበረው የሐጂው ታናሽ ወንድም እግሩ ተሰበረ። ሾፌሩ «መሪው ከዳኝ» ይላል። ሰዉ ደግሞ «ጫት መርቅኖ ነው» ይላል። ዓርብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሊፈርድ ቀጠሮ ተይዟል። ሐጂው የአካባቢውን መካኒኮች አላመኑም፤ ሁሉም የሾፌሩ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ቡና በሚያመላልስ ደንበኛዬ በኩል «ሰው የማያውቀው፣ ሰውም የማያውቅ መካኒክ ይምጣ። መሪውን ይሥራልኝ፣ ምክንያቱንም ለሽማግሌ ይናገር» ብለው ላኩብኝ። ሰው የማያውቀው የተባለው ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ግን ሄድኩ።

ሰኞ። ከለገሃር በባቡር ተሳፈርኩ። በሳጥኔ ውስጥ ቴስቲናዎቹ አሉ። ቴስቲና የምንለው የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ነው፤ እንደ ሰው ዳሌ አጥንት ክብ ራስ አለው፣ በጉድጓዱ ውስጥ እየዞረ ጎማውን ይመራል። እሱ ከላላ መሪው ወዲህ፣ መኪናው ወዲያ ይሄዳል። ለእንደዚያ ያለ አሮጌ መኪና የሚሆን ዕቃ በአዲስ አበባ አይገኝም ሲባል እኔ ከወዳደቁ መኪናዎች ለቅሜ፣ የሚሻሻለውን አሻሽዬ፣ ሙሉውን ይዣለሁ።

ሚኤሶ ስወርድ ምሽት ሊሆን ነው። ሙቀቱ የዳቦ ቤት በር እንደ መክፈት ነው። ጉለሌ በዚያ ሰዓት ጋቢ እንለብሳለን። ጣቢያው በር ላይ አንድ ፖሊስ ሳጥኑን አስከፈተኝና ወደ ኋላው አፈገፈገ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቴስቲና ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«መኪና ያዞራል።»

«ይፈነዳል?»

«ብረት እንዴት ይፈነዳል፣ ልጄ?»

«ካልፈነዳ ምን እንዲህ አከበደው?»

ከጣቢያው ምሰሶ ጀርባ ቆሞ ብረቶቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ አስወጣኝ። እኔም የመሪን አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። ጣሊያኑን፣ ቀዳዳውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰው ተሰበሰበ። አጠገባችን ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት «ኧረ ልቀቀው! ቦምብ የያዘ ሰው እንዲህ አያወራም» አለች። ፖሊሱም ለቀቀኝ። ይህችው ሴት በጓሮዋ የጠፍር አልጋ ሰጠችኝ። የግመል ወተት አቀረበችልኝና ማተቤን ስታይ «አይ፣ ረስቼ!» ብላ መልሳ ወሰደችው። በምትኩ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣችልኝ። ዳቦውን አልጋው ራስጌ አስቀምጬ ፊቴን ልታጠብ ብሄድ ፍየል በላችው። ሴትዮዋ ፍየሏን እየሰደበች ሌላ ሰጠችኝ። ለሁለተኛው ዳቦ ግን ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ማክሰኞ። ጨው በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጬ ወደ ላይ ወጣሁ። ከበረሃው ተነስቶ ዳገቱን ሲጀምር አየሩ ደረጃ በደረጃ ይቀዘቅዛል። የማሽላ ማሳ፣ ከዚያ የጫት እርሻ፣ ተራራው ሁሉ እንደ ደረጃ ተከትሯል። ሾፌሩ በየመታጠፊያው መሪውን ሲያዞር እጁን አያለሁ፤ ብዙ ያዞራል፣ ጎማው ግን ዘግይቶ ይከተላል። «ያንተም ቴስቲና ሊያልቅ ነው» ብዬ ከላይ ጮህኩለት። አልሰማኝም፤ ወይም አልፈለገም።

መንግሥት አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ ገበሬው ጭሮ ነው የሚላት። በተራሮች መካከል የተቀመጠች፣ ቆርቆሮ ጣራዋ የሚያብለጨልጭ ከተማ ናት። ቅዝቃዜዋ የጉለሌን ይመስላል። ባሕር ዛፍ ሳይ ቤቴ የደረስኩ መሰለኝ። ግን በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ ይነጋገራል፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር እኔ ሳልፍ አምስት ሰው ያስቆመኛል። እዚህ አንድም ሰው ዞሮ አላየኝም።

ሐጂ አደም ሽበታም፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከግቢ የሚሰማ ሰው ናቸው። «እንኳን ደህና መጣህ! አካም ነጉማ? አንተ ነህ መካኒኩ? ሽማግሌ ነህ እንዴ!» አሉኝ። ለሁሉም ሰው አንተ ነው የሚሉት፤ አማርኛቸው እንዲህ ነው፣ አልተቀየምኩም። መኪናው ተጎትቶ መጥቶ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሟል። ከእሱ ራቅ ብሎ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ያ ሾፌሩ ኢብሮ ነው። አባቱና እናቱ ሲሞቱ ሐጂው ወስደው ያሳደጉት፣ መንዳትም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከአደጋው ወዲህ አላናገሩትም፣ ግቢም አልገባም፤ መስጊድ በረንዳ ላይ ያድራል።

«ያ ነው?» አልኳቸው።

«እሱን አትጠይቀኝ። መኪናውን ጠይቀው» አሉ።

ማታ ለእራት ሐጂው ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው መጡ። «እኔ ካረድኩ አንተ አትበላም። አንተ ካረድክ እኔ አልበላም። እንግዳ ደግሞ ራሱ አያርድም፤ ነውር ነው። ክርስቲያን አስጠርቻለሁ።» የመጣው ከመንዝ ተመድቦ የተላከ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ሽፈራው የሚባል ሰው ነው። አርዶ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሚስቱ ሠርታው ድስቱ ተከድኖ መጣ። ሽፈራው ደጅ ላይ ሰጥቶኝ «በሽተኛ አለብኝ፣ ጋሽ ደምሴ። እንዳይተርፍ፣ ሐጂ ይቀየማሉ» ብሎ ሮጠ። ባለቤቶቹ በወዲያኛው ክፍል ትልቅ ገበታ ከበው ይበላሉ፤ ሐጂው አንድ ነገር ሲሉ ሁሉም ይስቃል። እኔ በዚህኛው ክፍል አንድ ሙሉ ዶሮ ፊት ለፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቤቴ ብቻዬን የምበላው ሰው ስለሌለ ነው። እዚያ ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ሆኖ ብቻዬን በላሁ፤ ይሄኛው ይከብዳል። የቻልኩትን ያህል በላሁ። ወጡ ጥሩ ነበር።

ረቡዕ። ሥራ ጀመርኩ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብቼ የፊቱን በክሪክ አነሣሁ። ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ብነቀንቀው ልክ ሊወልቅ እንደተቃረበ ጥርስ ነው። ዋናው ቴስቲና ከጉድጓዱ ወጥቷል፤ መኪናው የወደቀው በዚህ ነው። ሌሎቹም አልቀዋል።

ቴስቲና ሲያረጅ ጭራው ከተሰካበት ቀዳዳ፣ ዓይን ከምንለው፣ በቀላሉ አይወጣም። በመዶሻ ከላይ የሚመታ ጀማሪ ነው፣ የብሎኑን ጥርስ ያበላሻል። ትክክለኛው መንገድ ዓይኑን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዶሻ በአንድ ቅጽበት መምታት ነው፤ ያኔ ራሱ ዱብ ይላል። ለዚህ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ቀና ብዬ «አንተ! ና ያዝ!» አልኩት ኢብሮን።

ወደ ሐጂው ቤት በር ተመለከተና መጣ።

«ስቆጥር ትመታለህ። ከእኔ አትቅደም፣ ከእኔም አትዘግይ።»

በመጀመሪያው ምት ጣቴን ሊመታኝ ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው አፈጠነ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ መዶሻዎች አንድ ድምፅ ሆኑና ብረቱ መሬት ላይ ወደቀ። ኢብሮ ሳቀ። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም፤ ትንፋሼን እያየ ይመታል። ጋራዤ ውስጥ ሁለተኛውን መዶሻ የሚይዝልኝ ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ ብረቱን ከግድግዳ ጋር አስደግፌ ነው የምሠራው።

«ይህን መኪና ግራሶ የሚቀባው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ያረጁት ቴስቲናዎች ግራሶ፣ የመኪናውን ቅባት፣ ካጡ ከራርመዋል። አንድ መኪና ግራሶ ካጣ ጥፋቱ የሾፌሩ እንደሆነ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል።

ኢብሮ መሬት መሬት አየ። «ይቀባል፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚቀባው አልኩህ!»

«ይቀባል ወላሂ።» ቆይቶ ግን፣ ብረቱን በናፍጣ ስናጥብ፣ «ጋሼ፣ ዓርብ ከፈረዱብኝ ይውሰዱኝ። አዲስ አበባ ሰው አላውቅም። ይሄን መዶሻ እይዝልዎታለሁ» አለኝ።

«እናያለን» አልኩት። ነገር ግን በልቤ የዚያችን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ዕቃ ማውጣት ጀምሬ ነበር። አልጋው በመስኮቱ በኩል ይሆናል። የጾም ቀን ነበርና የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ከጤፍ ይልቅ ይደርቃል፣ ግን ደስ ብሎኝ በላሁ።

ሐሙስ። አዲሶቹን ከመግጠሜ በፊት የአሮጌዎቹን ሽፋን አየሁ። ቴስቲና አቧራና ውኃ እንዳይገባበት አፉ ላይ ቆዳ ይለብሳል። የእነዚህ ቆዳ ተቀዳዷል፤ ከአንዱ ላይ የቀረውን ቁራጭ አንስቼ አሸተትኩት። ግራሶ አይሸትም። ሞራ ይሸታል። ወደ ፀሐይ አድርጌ አየሁት፤ ቆዳው ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። ያረጀ ቆዳ እንዲህ አይበሳም።

ይህንን ያየ ከእኔ ሌላ የለም። ቁራጩን ኪሴ ከትቼ ዝም ብል፣ «ግራሶ አልተቀባም» ብዬ ብቻ ብናገር ውሸት አይሆንብኝም። ኢብሮም እሑድ ከእኔ ጋር ባቡር ይሳፈራል። አንዱን የብሎን ዳዶ እያጠበቅሁ ይህን አሰብኩ። ሁለተኛውንም እያጠበቅሁ አሰብኩ። ሦስተኛው ላይ ቁልፉን አስቀምጬ ወደ ሐጂው ገባሁ። እኔ ደምሴ ነኝ፤ መኪና ምን እንደሆነ ተጠይቄ ያልሆነውን ተናግሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ የመሪውን መጋጠሚያ ማን ነው የሚቀባው?»

ፊታቸው በራ። «እኔ! በእጄ! ሐሙስ ሐሙስ።» ተነስተው ከጓዳ ማሰሮ አመጡ። ውስጡ የከብት ሞራ ነው። «ያ ጥቁሩ ቅባት ይሸታል፣ ከድሬዳዋ እስኪመጣም ያልቃል። የበሬ ቀንበር ጠፍር በምን ይለሰልሳል? በሞራ! መኪናም በሬ ነው። ኢብሮ መጀመሪያ ላይ ተው አለኝ። ዝም በል፣ እኔ ከአንተ በፊት በሬ አውቃለሁ አልኩት። ዝም አለ።»

የቆዳውን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። አላስረዳኋቸውም። አንድ ጊዜ ገለበጡት፣ ጣታቸውን በየቀዳዳው ላይ አሳለፉ። ከብት አርቢ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጥርስ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

«ወራቤሳ» አሉ። ጅብ ማለት ነው። መኪናው የሚያድረው ከአጥር ውጭ ነው፣ ጅብ ደግሞ እዚያ ከተማ ከመሸ በየመንገዱ ይዞራል። ሞራ የተቀባ ቆዳ ማን ይተዋል? ቆዳውን በላ፣ አቧራና ጭቃ ገባ፣ ብረቱን ፈጨው።

ሐጂው ማሰሮውን አላስቀመጡትም፣ እንደያዙት ቆዩ። «ልጁ ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

«ሞራውን ያውቃል። ጅቡን አያውቅም። ግን እርስዎ እንደሚቀቡት ሊነግረኝ አልወደደም።»

«አልነገረህም?»

«ቢሞትም አይናገርም።»

ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔም ወጣሁና ሥራዬን ጨረስኩ። የዘንጉ አንዱ ጫፍ በግራ እንደሚፈታ የማያውቅ መካኒክ እዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል፤ እኔ አልታገልኩም። የድሮውን ርዝመት በገመድ ለክቼ ነበርና አዲሱን በዚያው ልክ አደረግሁ። ጎማዎቹ ከፊት ትንሽ ጠበብ እንዲሉ አስተካክዬ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ አጥፌ፣ ቆዳ አልብሼ፣ እውነተኛ ግራሶ ሞላሁበት። ኢብሮ መዶሻውን እያቀበለኝ ስለ ባቡር ይጠይቀኝ ነበር። መልስ አሳጠርኩበት።

ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ የሐጂው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እግሩ የተሰበረውም ወንድም በምርኩዝ መጣ። እኔ ነጭ ልብስ ለብሼ፣ የቆዳውን ቁራጭ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ የማደርገውን ንግግር ሌሊቱን አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ከጣሊያኑ ጋራዥ ይጀምራል።

አልተናገርኩትም። ገና «ቢስሚላህ» ተብሎ ሳይጨረስ ሐጂው ተነሡ። በኦሮምኛ ተናገሩ። አጭር ነበር። ከተናገሩት የገባኝ «ወራቤሳ» የሚለው ብቻ ነው። ማሰሮውን አምጥተው መሐል አስቀመጡት። ሽማግሌዎቹ ማሰሮውን አዩ፣ ሐጂውን አዩ፣ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ሳቁ። ሐጂው ግን አልሳቁም። አጠገቤ የተቀመጠውን ሽፈራውን «ምን አሉ?» አልኩት።

«'መኪናዬን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄን ደግሞ ከመኪናው በባሰ ጣልኩት' አሉ።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ እርስዎ አላነሡም፣ ጋሽ ደምሴ።»

ኢብሮ ከደጅ ተጠራ። ሊያጎነብስ ሲል ሐጂው ራሱን ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ወንድምየውም ምርኩዙን ጥሎ ተጠጋቸው። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ከዚያ ገበታ ቀርቦ ኢብሮ በሐጂው ቀኝ ተቀመጠ። ለእኔ ጾም ስለሆነ በሌላ ሳሕን ሽሮ መጣ፤ ረስተውኝ አይደለም፣ ማንም እዚያ ቤት እንግዳ አይረሳም። ሽፈራው ወደ በሽተኛው ሄደ።

ቅዳሜ። እስከ ሂርና ሄደን መሪውን ፈተንነው። አንድም ጊዜ አልሳተም። መኪናው በወደቀበት ቁልቁለት ላይ ኢብሮ አልቆመም፣ ዞሮም አላየም፤ ሐጂው ግቢ ውስጥ ቤት ሊሠሩለት እንዳሰቡ እየነገረኝ ነበር። ሂርና መንገዱ ዳር ጫት በእንሰት ቅጠል እየተጠቀለለ ይጫናል፤ ሁሉም ይቸኩላል። ነጋዴዎቹ ኢብሮን ሲያዩ እየጠሩ ያቅፉታል። እኔ ሙዝ ገዝቼ መኪናው ውስጥ ሆኜ በላሁ።

እሑድ። ሐጂው አዲስ ፎጣና ሁለት ኩባያ ማር ሰጡኝ። «መካኒክ፣ እዚሁ ቅር። ቤት እሰጥሃለሁ። ዶሮ የሚያርድልህም አለ» አሉ። ጉለሌ ያለ እኔ እንደማይሆን ነገርኳቸው። ኢብሮ ሚኤሶ ድረስ ወሰደኝ፤ ያንን ሁሉ ቁልቁለት መሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ እያንጎራጎረ ወረደ። ሳጥኔን ባቡሩ ላይ አወጣልኝ። «ይኑሩልኝ፣ ጋሼ» ብሎ ሳይመሽ ለመመለስ ቸኩሎ ሄደ። ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሳጥኔን እዚያ አስቀመጥኩት።

በዚህ ጉዞ የሠራሁት ይህ ነው፦

በአገር የለም የተባለውን ዕቃ ከወዳደቀ ብረት አሟላሁ።

ለአንድ ፖሊስ መሪ እንዴት እንደሚሠራ አስተማርኩ።

የእንግሊዝ መኪና የመሪ መጋጠሚያዎችን በሙሉ፣ አንድ ጥርስ ሳላበላሽ ቀየርኩ።

ማንም ያላየውን የጅብ ጥርስ አየሁ።

ሐጂ አደም ሞራውን ለቀንበር ብቻ እንዲያደርጉት አሳመንኩ።

አንድ ልጅ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ።

ሚኤሶ ላይ፣ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ፣ «ከእኔ ጋር ና» ሳልለው ቀረሁ። ይህንንም ከሠራኋቸው መካከል እቆጥረዋለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።